የእናቴ ክራንቻ እና አንዲት ቦሎቄ

እናቴ ቦሎቄ የምትገዛው በጥርሷ ነው። አዳሚ ቱሉ ገበያ ዳር ባለችው መጋዘኗ በር ላይ ቆማ፣ ገበሬው ከጆንያው አፍ ሳይሆን ከመሃሉ እንዲዘግንላት ታዘዋለች። ከዘገነው ላይ አንዲት ፍሬ ትመርጥና በግራ በኩል ባለው የላይኛው ክራንቻዋ ጫን ታደርጋታለች። አትሰብራትም፣ ጫን ብቻ ነው። ፍሬዋ እምቢ ካለች ደርቃለች፤ መጋዘን ገብታ ብትከርምም አትሻግትም። ጥርሷ ትንሽ ከሰመጠ ግን ገና ውሃ አላት። ከዚያ ፍሬዋን ወደ ኋላዋ ትወረውርና ፍርዷን ትሰጣለች። በኦሮምኛ «ጎጌራ» ካለች ደርቋል ማለት ነው፤ ሚዛኑ ይቀርባል። ራሷን ከነቀነቀች ደግሞ ገበሬው ያለ ክርክር ጆንያውን አስሮ፣ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ሊያሰጣው ይመለሳል።

ያለ ክርክር ያልኩት ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም። እዚያ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ላይ ተኝቼ ያደግኩ ልጅ ነኝ። በዋጋ የተከራከራት፣ በሚዛን የተከራከራት ሰው አይቻለሁ፤ በጥርሷ የተከራከራት ግን አላየሁም። ጎረቤት ነጋዴዎች እንኳ ጥርጣሬ ሲገባቸው አንድ ጭብጥ ይዘው እየመጡ «እስቲ አንዴ ንከሽልን» ይሏታል። እኔም ስንት ጊዜ ሞከርኩት! ለእኔ ሁሉም ቦሎቄ ያው ቦሎቄ ነው። «ተይው፣ አንቺ የወረቀት ሰው ነሽ» እያለች ትስቅብኛለች። እውነቷን ነው። የምኖረው አዳማ፣ የምሠራው ሞጆ ደረቅ ወደብ ነው፤ የጉምሩክ አስተላላፊ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የማየው የኮንቴይነር ማሸጊያና ማኅተም ነው። ማሸጊያው ካልተነካ ውስጡ ደህና ነው ብዬ አልፋለሁ። ይህን ጠባዬን ቤቴም ድረስ ይዤው እገባለሁ።

ስለ እናቴ አፍ ትንሽ መናገር አለብኝ። እኛ የስምጥ ሸለቆ ልጆች ጥርሳችን ቡናማ ነው። የጉድጓዱ ውሃ ነው እንዲህ የሚያደርገው፤ ገና በልጅነት ጥርስ ሳይበቅል ጀምሮ ያቀልመዋል። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ጥርሱ የጠቆረ ተማሪ ካየሁ ስሙን ሳልጠይቅ «የመቂ ነህ የዝዋይ?» እለው ነበር፤ ብዙም አልተሳሳትኩም። በእናቴ የልጅነት ዘመን ለዚህ መላ የሚሉት ነገር ነበራቸው። ሴት ልጅ ከፍ ስትል ድዷን በመርፌና በጥላሸት ይነቅሷታል። ድዱ ሲጠቁር ጥርሱ የነጣ ይመስላል፤ ድድም ያጠነክራል ይባል ነበር። እናቴ የተነቀሰች ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ እንዳለቀሰች ትናገራለች። ከዚያ በኋላ ግን ዕድሜ ልኳን አፏን ሳትሸፍን ነው የሳቀችው። ስትስቅ የላይኛው ድዷ እንደ በሰለ የዱር እንጆሪ ጠቁሮ ይታያል። ልጅ ሳለሁ ከዚያ የሚያምር ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር፤ ዛሬም አይመስለኝም።

ታዲያ ከአምስት ዓመት በፊት ቦሎቄ መስላ የገባች ጠጠር ያን ክራንቻ ሸረፈችው። እናቴ ናቀችው። ሲያድር በቀዝቃዛ ውሃ ያማት ጀመር፣ ሲሰነብት ጠዘጠዘ፣ በመጨረሻ ግራ ጉንጯ አብጦ ዓይኗ ሊጠፋ ደረሰ። ያየ ሁሉ «ይነቀል» አለ። በእኛ ሰፈር ለታመመ ጥርስ ሌላ ፍርድ የለም። እናቴ ግን ጉንጯን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ «እሱን ነቅላችሁ እኔን ምን ልታደርጉኝ ነው?» አለች።  እናቴ ፈርታ ያየኋት ያኔ የመጀመሪያዬ ነው። በማግስቱ ሚኒባስ አሳፍሬ አዳማ አመጣኋት።

ክሊኒኩ ከአንድ ፋርማሲ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ጭምብሏን ዝቅ አድርጋ ሰላም ስትለን እናቴ መጀመሪያ ያየችው ጥርሷን ነው። ቡናማ! «የእኛን ውሃ የጠጣች ናት» አለችኝ በሹክሹክታ፤ ወዲያው ራሷ ሄዳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ሐኪሟ ራጅ አንስታ ጥርሱ ሳይነቀል ሊድን እንደሚችል ነገረችን። ውስጡ ያለው ነርቭ ሞቷል፤ እሱን አውጥታ፣ የሥሩን ቱቦ አጽድታ ትሞላውና ትደፍነዋለች።

«ነርቩን ካወጣሽው በኋላ ይሰማል?» አለች እናቴ።

«ሕመሙ? የለም እማማ፣ አይሰማዎትም።»

«ሕመሙን አይደለም። ቦሎቄውን።»

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። ነገሩን አስረዳኋት። አልሳቀችም፤ እንዲያውም ወንበሯን ስባ እናቴ ፊት ተቀመጠች። «ጥርስ ቀዝቃዛና ትኩስ የሚለየው በውስጡ ባለው ነርቭ ነው» አለች። «ጠንካራና ለስላሳ የሚለየው ግን ከውጭ ነው። ሥሩን ከአጥንቱ ጋር አስሮ የያዘ ስስ ሥጋ አለ፤ ሲጫኑ የሚሰማው እሱ ነው። እሱን እኔ አልነካውም። ድድዎና አጥንትዎ ደህና እስከሆነ ድረስ ይሰማል።»

ሥራው ሲያልቅና ማደንዘዣው ሲለቃት፣ እናቴ ከመቀነቷ ውስጥ አንዲት ቦሎቄ አወጣች። ለካ ለዚሁ ብላ ከአዳሚ ቱሉ ይዛት መጥታለች! ሐኪሟ «ኧረ እማማ፣ ገና ዛሬ! ሳምንት ይታገሱ» ብላ ቀማቻት። እናቴ ሳምንቱን ቆጥራ፣ በስምንተኛው ቀን ጠዋት ደወለችልኝ። «ይሰማል» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ያን ዕለት ሐኪሟ አንድ ወረቀት ሰጥታኝ ነበር። በየስድስት ወሩ እየመጣች ጥርሷ እንዲታጠብ፣ ድዱ ከቀላ ወይም ከደማ ቶሎ እንድትታይ ይላል። እኔ ወረቀት አልጥልም። በፕላስቲክ አቃፊ ውስጥ ከመታወቂያዋ ቅጂ ጋር አስቀመጥኩት። አስቀመጥኩት፣ በቃ። ነርቩ ወጥቷል፣ ቀዳዳው ተደፍኗል፣ ማሸጊያው አልተነካም። «የሞተ ጥርስ ደግሞ ምን ይታመማል?» ብላ እናቴ ስትጠይቀኝም እንዲሁ ነው ያልኳት።

ግን ግዴለሽ ነበርኩ እንዳትሉኝ። በየቅዳሜው አዳሚ ቱሉ ስሄድ መጀመሪያ የማደርገው እናቴን በር ላይ አቁሜ፣ ከንፈሯን ቀና አድርጌ፣ በስልኬ መብራት ድዷን ማየት ነው። ቀይ ነገር አለ? የለም። «ደህና ነሽ» እላታለሁ። አራት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው አየሁ፣ በየቅዳሜው ደህና ነሽ አልኳት።

በአራተኛው ዓመት ገደማ «ስፍቅ ይደማል» አለችኝ። እኔም የአዋቂ ድምፅ አውጥቼ «እስኪሽር አትንኪው» አልኳት። ቁስል ይነካል እንዴ? ከዚያ ወዲያ ያን ጎን መፋቅ ተወችው። መድማቱ በእርግጥ ቀነሰ፤ ማን ነክቶት ይደማል! አፏ ግን ጠዋት ጠዋት ይሸት ጀመር። ስትስቅ እጇን ወደ አፏ ማንሳት ጀመረች፤ ያቺ አፏን ሳትሸፍን የኖረች ሴትዮ። ይህን ሁሉ እያየሁ በስልኬ መብራት ቀይ እፈልግ ነበር።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ አንድ ደንበኛዋ በጋሪ አምስት ጆንያ ቦሎቄ ጭነው መጡ። እኚህ ሰው ከዝዋይ ሐይቅ ወዲህ ካለች ቀበሌ የሚመጡ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። እኔ ጡት ሳልጥል ጀምሮ ለእናቴ ነው የሚሸጡት፤ ሠርጌ ላይ በግ ይዘው መጥተዋል። ዘግነው ሰጧት። እናቴ ጫን አደረገች። ፊቷ ተለዋወጠ። ሌላ ፍሬ አነሳች፣ ጫን አደረገች፣ ራሷን ነቀነቀች።

«አዴ፣ ሁለት ሳምንት ሸራ ላይ ሳገላብጠው ከርሜ ነው የመጣሁት» አሉ ሰውዬው በኦሮምኛ የአክብሮት መጠሪያ።

«ፀሐይ አልነካውም።»

«ማሎ፣ እባክሽ፣ ሌላ ጆንያ ይፈታና እዪ።»

ሌላ ጆንያ ተፈታ። አሁንም ራሷን ነቀነቀች። ተራ የሚጠብቁ ሦስት አራት ገበሬዎች ቀረብ ቀረብ አሉ፤ አንዱ አንድ ፍሬ አንስቶ ነከሰና ትከሻውን ሰበቀ። ሽማግሌው «ወላሂ፣ ደርቋል!» አሉ፣ ድምፃቸው ከፍ ብሎ። ያኔ ነው እናቴ ያን ቃል ያወጣችው።

«ጥርሴ አይዋሽም። የሚዋሽ ሰው ነው።»

ሰውዬው ጆንያዎቹን አንድ በአንድ አስረው ጋሪው ላይ መለሱ፣ ኮፍያቸውን አስተካክለው ሄዱ። ከገበሬዎቹ ሁለቱ ተራቸውን ትተው ተከተሏቸው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እናቴ ራሷ ስንት ጊዜ ለእኔ የተረተችው ተረት ነው።

እናቴ ወደ ውስጥ ስትገባ እኔ ከኋላዋ ወለሉ ላይ የወረወረቻትን ፍሬ አነሳኋት። ለምን እንዳነሳኋት አላውቅም፤ ምናልባት ማኅተም የማየት ልማዴ ይሆናል። በጥርስ የተጫነ እርጥብ ቦሎቄ ምልክት ይይዛል፤ የጥርሱ ጫፍ እንደ ጥፍር ጭረት ይቀርበታል። በብርሃን አገላበጥኳት። ምንም የለባትም፤ ልሙጥ ናት። ሁለተኛዋንም ፈልጌ አገኘኋት፣ እሷም እንደዚያው።  ቦሎቄዋ አልሰመጠችም። ታዲያ የሰመጠው ምንድን ነው?

እናቴን ተከትዬ ገባሁና «አፍሽን ክፈቺ» አልኳት። ተቆጣች፤ ግን ከፈተች። በዚህ ጊዜ በመብራት አላየሁም፤ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ ክራንቻውን ይዤ ነካ አደረግኩት። ተንቀሳቀሰ። ጣቴን ሳወጣው ደም አለው። ሁለቱን ቦሎቄዎች በመሐረቤ ቋጥሬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ለእናቴ «ሰኞ አዳማ እንሄዳለን» ብቻ አልኳት።

ሐኪሟ አስታወሰችን። መጀመሪያ ራጅ አነሳች። «የሥሩ ሥራ እንዳለ ነው፣ ውስጡ ንጹሕ ነው» አለች። ደስ ሊለኝ ሲል ቀጭን መለኪያ ይዛ በጥርሱና በድዱ መሃል አስገባች። መለኪያው ገባ፣ ገባ፣ ገባ። ዙሪያውን ሁሉ ደም ወጣ። ድዱ ከጥርሱ ለቅቆ ኪስ ሠርቷል፤ በኪሱ ውስጥ ድንጋይ የሆነ እድፍ ተጋግሯል፤ ከሥር ያለው አጥንትም መሸሽ ጀምሯል።

«መቼ ነው መቅላት የጀመረው?» አለችኝ።

«ቀልቶ አያውቅም! በየቅዳሜው በመብራት አየዋለሁ።»

መለኪያዋን አስቀመጠች። ከዚያ የእናቴን ከንፈር ቀስ ብላ አነሳች። «የተነቀሰ ድድ እኮ ነው» አለች። «ቢቆጣም አይቀላልሽም። ጥላሸቱ ይሸፍነዋል።»

እዚያው ቆሜ መሬቱ ቢውጠኝ በወደድኩ። አራት ዓመት! ጥቁር ነገር ላይ ቀይ ስፈልግ፣ ወረቀቱ «ከቀላ» ስለሚል ቅላት ብቻ ስጠብቅ። «ከደማ» የሚለውም እዚያው ተጽፏል፤ ሲደማ ደግሞ አትንኪው ያልኳት እኔው ነኝ። እንባዬ መጣ። ሐኪሟ የባሰ እንዳላዝን ብላ ይመስለኛል፣ «ብዙ ሰው ነው እንዲህ የሚሳሳተው» አለችኝ። «ሲደማ መፋቅ ያቆማሉ። የሚደማው እድፉ ስላለበት ነው፤ እንዲያውም ያኔ ነው በደንብ መጽዳት ያለበት። ነርቩ ወጥቷል ማለት ደግሞ ጥርሱ ሞቷል ማለት አይደለም። የሚኖረው በድዱና በአጥንቱ ነው። ውስጡን የቱንም ያህል አሳምሬ ብሠራው፣ ውጭው ከለቀቀው ይወድቃል።»

«ይወድቃል?» አለች እናቴ።

«አላውቅም እማማ። ክራንቻ ከሁሉ ረጅም ሥር ያለው ጥርስ ነው፣ አሁንም ብዙ የያዘው አጥንት አለ። ከድዱ ሥር ገብቼ አጸዳዋለሁ፤ የቀረው የእርስዎ ሥራ ነው። ከሦስት ወር በኋላ እንየው። እስከዚያ ቦሎቄ የሚባል ነገር አይነክሱም።»

እናቴ የሐኪሟን መለኪያ እያየች «ታዲያ ስጫነው የሚሰምጠው…» ብላ ጀመረችና አቆመች። መሐረቤን ፈታሁ። ሁለቱን ፍሬዎች መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት። አገላበጠቻቸው። ምልክት ፈለገች፤ በጥፍሯ ፈተነቻቸው። 

በሚኒባስ ወደ አዳሚ ቱሉ ተመለስን። ሞጆን አልፈን ወደ መቂ ስንታጠፍ በመስኮቱ እያየች «ሁለት ሳምንት ሸራ ላይ አገላብጠውታል» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ውሸታም አልኳቸው» አለች። ከዚያ በኋላ እስከ አዳሚ ቱሉ እጇን ይዤ ነው የሄድኩት፤ እሷም አላስለቀቀችኝም።

ሐኪሟ በሁለት ቀጠሮ በማደንዘዣ አጸዳችው። ከድዱ ሥር ያወጣችውን እድፍ በነጭ ጨርቅ ላይ አሳየችን፤ እናቴ «ይሄ ሁሉ እኔ አፍ ውስጥ?» ብላ አማተበች። ለስላሳ ብሩሽ ሰጠቻትና አያያዙን አስተማረቻት፦ ወደ ድዱ ሥር ዘንበል አድርጎ፣ በዝግታ፣ እንደ ምንጣፍ መፈተግ ሳይሆን። በጥርሶቿ መሃል የሚገባ ሌላ ትንሽ ብሩሽም አለ። እናቴ እሷን «ጭራሮዬ» ትላታለች። ለእኔም አዲስ ሥራ ተሰጠኝ። መብራቱን ትቼ፣ እናቴ ከፋቀች በኋላ ነጭ ሰሃን ላይ እንድትተፋ ማድረግ። «በተነቀሰ ድድ ላይ ቀለም አትፈልጊ» አለችኝ ሐኪሟ። «ሰሃኑ ላይ ደም ፈልጊ።»

የመጀመሪያው ቅዳሜ ሰሃኑ ቀይ ነበር። ሁለተኛውም። እናቴ ብሩሹን ልትወረውረው ምንም አልቀራትም፤ «አባብሰሽብኛል!» ብላ ጮኸችብኝ። እኔም ጮህኩባት። ጎረቤት ሰምቶ መጣና በጥርስ ብሩሽ እንደምንጣላ ሲያውቅ እየሳቀ ሄደ። በአራተኛው ቅዳሜ ሰሃኑ ላይ ያለው ሮዝ ብቻ ነበር። በስድስተኛው ደግሞ አንዲት ነጠብጣብ። በስምንተኛው ቅዳሜ ሰሃኑን ወደ ደጅ አውጥቼ ፀሐይ ላይ አየሁት፤ ነጭ ነው። እናቴ በትከሻዬ በኩል አይታ «እና?» አለችኝ፤ ያላመነች መስላ፣ ግን ፈገግ እያለች። እጇን ወደ አፏ አላነሳችም።

በእነዚያ ወራት ቦሎቄ የምትገዛው ከአዳማ ባመጣሁላት የእርጥበት መለኪያ ነበር። ቁጥር የምታሳይ፣ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ዕቃ ናት። እናቴ ጠላቻት። ገበሬ ፊት ስታወጣት ታፍራለች፤ «የልጄ መጫወቻ ነው» ትላቸዋለች። ቁጥሩ ግን ትክክል ነው፤ ንግዷም አልቆመም። ሽማግሌው ግን አልመጡም። እሳቸውን ተከትለው የሄዱትም አልመጡም። ሄደን ይቅርታ እንጠይቅ ስላት «በባዶ አፍ አልሄድም» አለችኝ። «ጥርሴ አይዋሽም ብያቸው፣ ጥርሴ ዋሽቶ ነበር ልበላቸው? እስኪረጋ ጠብቂ።» ግትር ናት፤ ከማን እንደወረስኩት ታያላችሁ።

በሦስት ወሩ ሐኪሟ መለኪያዋን አስገባች። አሁን ቶሎ ቆመ፤ ደምም አልተከተለውም። ድዱ ጥርሱን መልሶ አቅፎታል። ጥርሱን በሁለት መሣሪያ ይዛ ነካ ነካ አደረገችው። «ጠንክሯል» አለች። የሸሸው አጥንት ሙሉ በሙሉ እንደማይመለስ፣ በየሦስት ወሩ መታየት እንዳለባት ነገረችን። «ድዱን ከጠበቁት ግን እማማ፣ ይሄ ጥርስ ከእርስዎ ጋር ሊያረጅ ይችላል።» ስለ ቦሎቄው ስትጠየቅ ሣቀች። አሁንም አይሰበርበትም፤ እስከ አዝመራው ድረስ ደህና ከቆየ ግን በቀስታ ጫን ማድረግ ትችላለች። እናቴ ተነስታ ጉንጯን ሳመቻት። እኔ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ደስታ ነው እንግዲህ፣ ምን ላድርገው።

ዘንድሮ ኅዳር ላይ፣ ሰሃኑ ነጭ ሆኖ በከረመበት አንድ ቅዳሜ፣ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ «ባጃጅ ጥሪ» አለችኝ። ወደ ሐይቁ በሚወስደው አቧራማ መንገድ የሽማግሌው ቤት ድረስ ሄድን። ግቢው ውስጥ ቦሎቄያቸውን ሸራ ላይ አስጥተው በእግራቸው እያገላበጡ ነበር። እናቴን ሲያዩ ቆሙ። «ኣከም» ብለው ሰላም ተባባሉ፤ ከንፈር ብቻ ነው፣ እጅ አልተሰጣጡም። ቁጭ በይ አላሏትም። እሷም አልጠበቀችም።

ጎንበስ ብላ ከሸራው መሃል አንዲት ፍሬ አነሳች። በግራ ክራንቻዋ ጫን አደረገቻት።  በዚህ ጊዜ ፍሬዋን አልወረወረቻትም። በመዳፏ ተቀብላ፣ ጠርጋ፣ በፀሐዩ አገላብጣ አየቻትና ለሰውዬው ሰጠቻቸው።

«ጎጌራ» አለች። ቀጥላ ከመቀነቷ ሌሎች ሁለት ፍሬዎች አወጣች፤ ዓመት ሙሉ ያስቀመጠቻቸውን። «እነዚህ ያምናው የእርስዎ ናቸው። እነሱም ደርቀው ነበር። ድዴ ታሞ፣ የሚነቃነቀው ጥርሴ ነው እንጂ ቦሎቄው አልነበረም። ሰው ፊት ውሸታም አልኩዎት። ይቅር ይበሉኝ።»

እናቴ ይቅርታ ስትጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። እኔን እንኳ አንድም ቀን ይቅርታ ጠይቃኝ አታውቅም። ሽማግሌው ሦስቱን ፍሬዎች አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ወደ ቤት ገቡ። ቆይተው፣ በጣም ቆይተው ወጡና መዳፋቸውን ዘረጉላት፤ ሌላ አንድ ጭብጥ ቦሎቄ።

«ይሄንስ?»

አንዷን አነሳች። ጫን አደረገች። አውጥታ አየች። የሸራው ቦሎቄና ይሄኛው ለዓይን አንድ ናቸው፤ እኔ ብሆን አልለየውም። እናቴ ራሷን ነቀነቀች።

«ይሄ ውሃ አለው» አለች፣ በፍርሃት፣ ግን ዓይናቸውን እያየች።

እኔ አለቀልን አልኩ። ሽማግሌው ፍሬዋን ተቀብለው ላይዋ ላይ ያለችውን የጥርስ ምልክት በጥፍራቸው ዳሰሱ። ከዚያ ቡናማ ጥርሳቸው ሁሉ እስኪታይ ሳቁ።

«ዛሬ ጠዋት ከታችኛው ማሳ የተነቀለ ነው» አሉ። «ልፈትንሽ ብዬ ነው፣ አዴ። ግቡ፣ ቁጭ በሉ። የሸራውን ቅዳሜ አመጣልሻለሁ።»